ኒው ጀርሲ የሄደው ካርቶን

ቴነሲ ባለችው ስሎንስ ጋፕ ከተማ ውስጥ ቨርሊን ሃስኪውን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የተወለደ ነው ወይ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ መዋጮ እንዳይጠየቅ የተደበቀ። የካልሲ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ የካልሲ ጣት ስትሰፋ ኖረች። ፋብሪካው በተዘጋ ዓመት ባሏ ሃርላንም በልብ ድካም ሞተ። አልቅሳ ሳትጨርስ ደዊት ካርጋይል መጣና፣ «እጅሽ ፈጣን ነው፤ ነይ ዕቃ ጠቅልይልኝ» አላት። ይኸው እስከ ዛሬ ትጠቀልላለች።

ደዊት የሚሸጠው ሽጉጥ ነው። ሽጉጥ ነው ግን ሽጉጥ አይደለም። ይሄን ለእንግዳ ሲያስረዱት ግራ ይገባዋል፤ ቨርሊን ግን በአንድ ትንፋሽ ትጨርሰዋለች። ጣሊያን አገር የሚሠሩ፣ በአሜሪካ የሰሜንና የደቡብ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ፈረሰኞች የታጠቁትን የሚመስሉ ስድስት ጎራሽ ሽጉጦች ናቸው። ዘመናዊ ጥይት አያውቁም፤ ባሩድና ድብልብል እርሳስ ነው የሚጎርሱት። ዋሽንግተን ያሉት ሰዎች ድሮ ባወጡት ሕግ እንዲህ ያለውን የጥንት ቅጂ ከጦር መሣሪያ አልቆጠሩትም። የዛሬ ሽጉጥ ፈቃድ ባለው ነጋዴ እጅ ካላለፈ ሌላ ክፍለ ግዛት ላለ ገዢ አይሄድም፤ ይሄኛው ግን እንደ መጥበሻ ተጠቅልሎ ገዢው ደጃፍ ድረስ ይላካል።

«በቃ? አለቀ?» ይላታል እንግዳው።

«የኔ ጌታ፣ ዋሽንግተን ፈቀደ ማለት የሙሽራዋ አባት ፈቀደ ማለት ነው። ሙሽራዋን ማን ጠየቃት?»

ሙሽሮቹ ክፍለ ግዛቶቹ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት በገዛ እጇ የቀባችው ካርታ ተሰቅሏል። አረንጓዴው ደጃፍ ድረስ ይላካል። ቢጫው እዚያው አገር ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል። ቀዩ «ደውለሽ ይቅርታ ጠይቂ» ነው። ኒው ጀርሲ ቢጫ ናት፤ ቨርሊን ግን ቢጫው አልበቃት ብሎ በወፍራም እስክሪብቶ ከብባታለች። እዚያ አገር ሽጉጡ የቅድመ አያትህን ቢመስልም ሽጉጥ ነው። የመግዣ ፈቃድ ሳይኖርህ እጅህ ከገባ ዓመታት የሚያስቆጥር እስር ነው፤ «ጌጥ ነው የመሰለኝ» ብሎ ነገር አይሠራም።

ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት እንዴት ተሳሳተች? ወሬው ያለው እዚህ ላይ ነው።

የሱቁ ደንበኞች ቅዳሜና እሁድ የሱፍ ኮት ለብሰው ያንን የድሮ ጦርነት ሜዳ ላይ እንደገና የሚዋጉ ሰዎች ናቸው። የጥርስ ሐኪሙ፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ የሒሳብ አስተማሪው፣ ሁሉም አርብ ሲመሽ ጢሙን ያበጥርና ወታደር ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ሲተዋወቁ «አገርህ የት ነው?» አይባባሉም። «ክፍለ ጦርህ ማን ነው?» ነው የሚባባሉት። ኦሃዮ ተወልዶ ኦሃዮ የሚቀበር ሰው በጨዋታው ሚቺጋን ከሆነ፣ በቃ ሚቺጋን ነው፤ ስለ ሚቺጋን በረዶ ሲያወራ ጣቱ የቀዘቀዘ ነው የሚመስልህ። የእናቱን ልደት የረሳ ሰው የክፍለ ጦሩን አዛዥ የፈረስ ስም አይረሳም።

ደዊት በሽጉጡ መያዣ ላይ የክፍለ ጦሩን ስም ስለሚቀርጽ፣ በእያንዳንዱ ትእዛዝ ላይ በሲባጎ የታሰረ ምልክት ይንጠለጠላል፤ የሰውየው ስምና ክፍለ ጦሩ ይጻፍበታል። አድራሻውን ማሽኑ ነው አትሞ የሚተፋው። ቨርሊን ምልክቱን ታያለች፣ ቀና ብላ ካርታውን ታያለች፣ አድራሻውን ሳታነብ ትለጥፋለች፣ በፕላስተር ትጠርዛለች። ለዓመታት እንዲህ ተሠርቶ ሰማይ አልተደፋም። ደዊት ራሱ፣ «በምልክቱ ሂጂ፤ እኔም የማውቃቸው በሱ ነው» ብሏታል።

ሰማዩ የተደፋው በኤልስዎርዝ ፕሩደን ነው።

ኤልስዎርዝ ኒው ጀርሲ ውስጥ አንዲት የባሕር ዳር ከተማ ላይ፣ መርከብ ሲመጣ የሚነሳ ድልድይ ሲያነሳና ሲያወርድ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። የአገሩ ተጫዋቾች «ኮትህ በናይለን ክር ነው የተሰፋው» ብለው አባረሩት። በዚህ ጨዋታ ናይለን ክር ማለት በጾም ሥጋ እንደ መብላት ነው። ተናዶ መኪናውን አስነሣና ቴነሲ ድረስ ወርዶ የደዊትን ሦስተኛ ፈረሰኛ ጦር ተቀላቀለ። ፈረሰኞች ይባሉ እንጂ ፈረስ የላቸውም፤ ፈረስ ድርቆሽ ይበላል። በሁለት እጃቸው ተቀበሉት፤ ሁሉም ኮሎኔል መሆን በሚፈልግበት ጦር ውስጥ የሚሞት ሰው ቸግሮ ነበርና። ኤልስዎርዝ ደግሞ ሞት ያውቅበታል። በመጀመሪያው ተኩስ ደረቱን ይይዝና ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ሁልጊዜ ጥላ ያለበት ቦታ ይወድቃል። ጦርነቱ እስኪያልቅ ያንኮራፋል።

ቴነሲን ከመውደዱ የተነሣ አነጋገሩ እንኳ እንደኛ ተንዛዛ። በረዷማው ክረምት ሲገባ ጦርነት ስለማይኖር ለቨርሊን ይደውላል። በመጀመሪያው ክረምት ስለ ሽጉጥ ዘይት ጠየቃት። በሁለተኛው ስለ ዝገት። በሦስተኛው ዘይቱም ዝገቱም ቀረና ምሳ ምን እንደበላች መጠየቅ ጀመረ። ስሎንስ ጋፕ ምን አለ? ብዙ አለ። እኔ የሰማሁትን ግማሹን ብጽፈው ሁለት ሰው ይከሰኛል። ቨርሊን ግን «ደንበኛ ነው» ብላ ነው የምታልፈው፤ ፊቷ አይቀላም፣ ጆሮዋ ነው የሚቀላው።

እንግዲህ ይሄ ሰው በስተርጅና ራሱን በሽጉጥ ሊሸልም አዘዘ። ምልክቱ ላይ «ፕሩደን፣ ሦስተኛ ቴነሲ» ተጻፈ። ቨርሊን አየችው። ቴነሲ አረንጓዴ ናት። ላከችው።

ጥቅምት ላይ ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ብቻዋን ከፈተች። ደዊት ለጨዋታው ጦርነት ከነሰይፉ ሬድ ኦክ ሜዳ ላይ ሰፍሯል። ቦርሳዋን አስቀምጣ ኮምፒውተሩን ስትከፍት ከዕቃ አድራሹ ድርጅት አንድ መልእክት አገኘች። ጥቅሉ በማድረሻ መኪና ላይ ተጭኗል፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በተቀባዩ ፊርማ ይሰጣል። ከሥሩ የከተማው ስም አለ። ከከተማው ስም ቀጥሎ ኒው ጀርሲ።

ቀና ብላ ካርታውን አየች። የከበበችው ቢጫ እንደ ዓይን አፈጠጠባት። ጥቅል መጠቅለያው ወረቀት ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ስልኩን አነሣች።

«ኤልስዎርዝ፣ ስማኝ። ዛሬ ካርቶን ይመጣልሃል። እንዳትቀበለው።»

«እንዴት አልቀበለው? ከንጋት ጀምሮ መስኮት ላይ ተጥጄ! ጠረጴዛው ላይ ሸራ ሁሉ አንጥፌለታለሁ።»

«ሸራውን እጠፈው። የኔ ስህተት ነው። በምልክቱ ሄጄ ቴነሲ መሰልከኝ።»

«ቴነሲ ነኝ እኮ!» ብሎ ሳቀ።

«ጨዋታውን ተው። ቤትህ ኒው ጀርሲ ነው። ፈቃድ አለህ?»

«ለመጫወቻ ምን ፈቃድ ያስፈልጋል? አንቺ ራስሽ አይደለሽ ዋሽንግተን እንደ መሣሪያ አይቆጥረውም ያልሽኝ?»

«የቤትህ በር ዋሽንግተን አይደለም። በናንተ ሕግ ሽጉጥ ነው። ፈርመህ ከተቀበልክ ያለፈቃድ ሽጉጥ ይዘሃል። ያስሩሃል ኤልስዎርዝ። አንድ ሌሊት አይደለም፤ ዓመታት ነው።»

«ቨርሊን፣ እኔ እኮ ለስንት ዳኛ መርከብ ድልድይ ያነሣሁ ሰው ነኝ። ማን ያየኛል? ሳጥን ውስጥ እቆልፍበታለሁ።»

«ለማንም አልተናገርክም?»

ሳል ሳል አለው። ኤልስዎርዝን ሳል ሳል ሲለው ነው መፍራት።

«ለፀጉር ቆራጩ ብቻ ነው የነገርኩት።»

«ለፀጉር ቆራጭ ብቻ! ለቤተ ክርስቲያን ደወል ብቻ ነው የነገርኩት አትለኝም?»

«እና ቁርስ ቤት ላሉት። የፀጉር ቆራጩ አማች ፖሊስ ነው፤ እሱም እኮ 'ና አሳየኝ' ነው ያለኝ። ደስ ብሎት።»

ቨርሊን ዓይኗን ጨፈነች። «ፖሊስ ሊያየው ይመጣል?»

«ከሥራ ሲወጣ ብቅ እላለሁ ብሏል። አየሽ? ቢከፋ ኖሮ ይመጣ ነበር?»

«ፀጉር ቆራጩ የወታደር መጫወቻ ነው ብሎ ነግሮት ይሆናላ! አይቶ ዝም ይለኛል ብለህ ነው?»

«አይ፣ አንቺ ዛሬ ሆድሽ ባዶ ነው መሰለኝ። ምግብ ብዪና እንነጋገራለን» ብሎ ዘጋው። ደግማ ደወለች፤ አያነሳም። ይሄ ሰው ግትር ሲሆን ድልድይ ነው፤ ቁልፉን ሌላ ሰው አያዞረውም።

ወደ አድራሹ ድርጅት ደወለች። አንዲት ትሑት ድምፅ ያላት ልጅ አነሣች። ጥቅሉ መመለስ ይችላል፤ ሾፌሩ በሩ ላይ ሳይደርስ ትእዛዝ ከገባ በእጁ የሚይዘው ማሽን ይጮህበትና ይመልሰዋል። ግን ትእዛዙን የሚሰጠው የደንበኝነቱ ባለቤት ነው፣ በምሥጢር ቁጥሩ።

«ባለቤቱ ጦር ሜዳ ነው ያለው» አለች ቨርሊን።

«እግዚአብሔር ይጠብቀው» አለች ልጅቱ፣ ከልቧ።

ቨርሊን ሱቁን ሳትቆልፍ ወጣች ይላሉ፤ እኔ ቆልፋለች ነው የምለው፤ ያቺ ሴት ቤት ቢቃጠል እሳቱን ቆልፋበት የምትወጣ ናት። ሬድ ኦክ ሜዳ እስኪደርሱ መንገዱ ተራራ ለተራራ ይጥመዘመዛል። በአሮጌ መኪናዋ እንደዚያ ስትነዳ ያዩ ሰዎች ባሏ እንደገና የሞተባት መስሏቸዋል።

ሰፈሩ በር ላይ ሁለት መሣሪያ ተመሳቅሎ ጠበቃት። አንደኛው ዘብ ኦሪን ነው፤ ሰኞ ሲመጣ የቨርሊንን ጥርስ የሚነቅል የጥርስ ሐኪም።

«ቁሚ! ማነሽ?»

«ኦሪን፣ እኔ ነኝ።»

«የይለፍ ቃል!»

«ባለፈው ወር አፌ ውስጥ ሁለት እጅህን ከተህ የነበርክ ሰው ነህ፤ አሳልፈኝ።»

ኦሪን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሚስ ቨርሊን፣ በዚህ ልብስ ማስገባት አልችልም። ዚፕ አለሽ። ሕዝብ ትኬት ቆርጦ እያየ ነው። ስልክም እጅሽ ላይ ይታየኛል፤ እዚህ ውስጥ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ነገር አይገባም።»

«እኔም ከጦርነቱ በኋላ ነው የተሠራሁት። ሰው ሊታሰር ነው ኦሪን! ደዊትን ጥራልኝ።»

«ኮሎኔሉ ስብሰባ ላይ ናቸው።»

አልተከራከረችም። ስልኩን ብብቷ ውስጥ ከተተችና በሁለቱ ጠመንጃዎች ሥር አጎንብሳ ገባች። ኦሪን «ሰላይ!» ብሎ ጮኸ፤ ምን ያድርግ፣ ተመልካቹ እያየው ነው። ተመልካቹ አጨበጨበ። ቨርሊን ከኋላዋ የሚሮጡ ጢማሞችን አስከትላ በድንኳኖቹ መሃል በረረች። አንዱ ባቄላ የሚቀቅልበትን ድስት ዘለለች። ሕፃናት እልል አሉ። ከዚያ ቀን ትርኢት ሁሉ ይሄኛው ነው ይላሉ እውነት የመሰለው።

ደዊትን ድንኳኑ ፊት፣ ሰይፉን ተደግፎ፣ ካርታ ላይ ጣቱን አድርጎ አገኘችው።

«ደዊት!»

«እመቤቴ፣» አለ ኮሎኔሉ ቆቡን ከፍ አድርጎ፣ «የጦር ሠፈር ለሴት ልጅ…»

«ለሴት ካልሆነ ካፒቴን አድርገኝ፤ ሽጉጡ ኒው ጀርሲ ሄዷል።»

ቆቡ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ኮሎኔሉ ጠፋና ደዊት ካርጋይል ብቻውን ቆመ። «የማን?»

«የኤልስዎርዝ። መኪና ላይ ነው። ዛሬ ይሰጠዋል። እሱ ሊፈርም መስኮት ላይ ተሰቅሏል፤ ፖሊስ ደግሞ ሊያየው ተጋብዟል። ምሥጢር ቁጥርህን ንገረኝና ላስመልሰው።»

«በምልክቱ ነው የሄድሽው?»

«በምልክቱ! አንተ ሂጂ ባልከኝ ምልክት!»

ደዊት ዋጥ አደረገው። የሠፈሩ ግርጌ ስልክ አይይዝም፤ የሚይዘው የሐኪም ድንኳን ያለበት ኮረብታ ላይ ነው። ኮሎኔሉ ኮረብታውን ሲሮጥ ያዩት ወታደሮች ማፈግፈግ የታዘዘ መስሏቸው አብረውት ሮጡ። የሐኪሙ ድንኳን በቲማቲም ድልህና በቀይ ቀለም ተበክሏል፤ አንድ ቁስለኛ መጋዝ ሥር ተኝቶ ሳንድዊች ይበላል። ቨርሊን ስልኩን አወጣች። ድርጅቱን አገኘች። ያቺው ትሑት ልጅ ናት።

«ምሥጢር ቁጥሩን ይንገሩኝ።»

«ደዊት፣ ቁጥሩ።»

«ጦርነቱ የተጀመረበት ቀን ነው» አለ ደዊት።

«የትኛው ጦርነት?»

«የኛው! የሬድ ኦኩ!» ወሩንና ቀኑን ነገራት። ቨርሊን ለልጅቱ ነገረቻት።

«ይቅርታ፣ ትክክል አይደለም።»

«እንዴት አይሆንም?» ደዊትን ላብ አጠመቀው። ሐኪሙ መጋዙን አስቀምጦ ጣልቃ ገባ፤ ሐኪሙ የሒሳብ አስተማሪው ነው። «ኮሎኔል፣ የመጀመሪያው ተኩስ የተተኮሰው እኮ ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ነው።»

«እሱ ግጭት ነው እንጂ ጦርነት አይባልም!»

«ሰው ሞቶበት?»

«አንድ በቅሎ ነው የሞተው!»

ቁስለኛው ሳንድዊቹን ዋጠና፣ «ሁለት በቅሎ» አለ። ሠፈሩ ሁሉ ክርክር ውስጥ ገባ። ለስንት ዓመት ሲጨቃጨቁበት የኖሩት ጉዳይ ነው፤ ሁለት ቤተሰብ እስከ ዛሬ በዚህ ቀን ምክንያት አይነጋገርም። ቨርሊን በመሃሉ ስልኩን ይዛ ቆማ፣ አንድ ሽማግሌ ኒው ጀርሲ ውስጥ መስኮት ላይ እንደ ሕፃን ሲጠብቅ ይታያታል። የፀጉር ቆራጩ አማች መኪናውን ሲያቆም ይታያታል።

«የትኛውን ቀን ነው ያስገባኸው? ያመንክበትን ሳይሆን ያስገባኸውን!» ብላ ጮኸች።

ደዊት የሐኪሙን ቀን ሰጠ። ትክክል አይደለም። በንዴት ጦርነቱ ያለቀበትን ቀን ሰጠ። ልጅቱ በሐዘን፣ «ይቅርታ እመቤት፣ ተቆልፏል። ሰኞ ቢደውሉ» አለች።

ሰኞ። ቨርሊን ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ አየችው።

ደዊት እጁን ዘረጋ። «እኔ ልደውልለት? የበላዩ ነኝ፣ ላዝዘው።» ወዲያው ግን ዞር ዞር ብሎ አየ። ከኮረብታው ሥር ትኬት የቆረጠው ሕዝብ አንገቱን አስግጎ ያያል፤ ኮሎኔል በሞባይል ሲያወራ። እጁ መንገድ ላይ ቀረ።

«ተወው» አለች ቨርሊን፤ ራሷ ደወለች። ጠራ። ጠራ። ተነሣ።

«ቨርሊን፣ አሁን አይሆንም፤ መኪናው ማዕዘኗን ዞረ። ሰውየው ይታየኛል።»

«አትፈርም።»

«ደሞ ጀመረሽ።»

«ኤልስዎርዝ፣ እስር ቤት ስልክ እንዴት እንደሚደወል ታውቃለህ? ተቀባዩ ነው የሚከፍለው። አንዲት ማሽን 'ጥሪውን ትቀበያለሽ ወይ?' ብላ ትጠይቃለች። አልቀበልም።»

«ምን?»

«አልቀበልም አልኩህ። አንተ ዛሬ ያንን ካርቶን ከተቀበልክ እኔ ያንን ስልክ አልቀበልም።»

«ምን ያለሽ ክፉ ሴት ነሽ!»

«ክፉ ነኝ።» ዙሪያዋን አየች። ሠራዊቱ በሙሉ ከቧታል፤ ኦሪን እንኳ ዘብነቱን ጥሎ መጥቷል። የስሎንስ ጋፕ ግማሽ ጆሮ ነው እዚያ የቆመው፤ ሌላው ግማሽ እስከ ራት ድረስ ይሰማል። ዞር ብላ ድንኳን ውስጥ ልትገባ አሰበች፤ ድንኳኑ ውስጥ መስመሩ ሊቆረጥ ይችላል። ካፈርኩ አይመልሰኝ አለች።

«ክረምት እየመጣ ነው ኤልስዎርዝ። አንተ ከታሰርክ ማን ሊደውልልኝ ነው? ምሳ ምን በላሽ የሚለኝ ሰው የለኝም። ሃርላን ነፍሱን ይማረውና በዕድሜው ጠይቆኝ አያውቅም፤ አብሮኝ እየበላ! ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ ነው የምጠብቅህ። በሁለተኛው ጥሪ የማነሳው እንዳታውቅብኝ ነው። ይኸው አወቅህ። አሁን የኔ እጅ ጠቅልሎ በላከው ዕቃ እስር ቤት ከገባህ፣ በቀረኝ ዕድሜ ፕላስተር በጎተትኩ ቁጥር ያ ነው የሚሰማኝ። ይሄን ታደርግብኛለህ?»

ሐኪሙ መጋዙን ደረቱ ላይ ይዟል። ደዊት ኮሎኔልነቱን ረስቶ አፉን ከፍቷል።

በስልኩ ውስጥ የበር ደወል ተሰማ። ከዚያ እግር፣ የበር መንቋቋት፣ የወጣት ድምፅ፦ «ሚስተር ፕሩደን? እዚች ጋ ይፈርሙልኝ።»

የኤልስዎርዝ ትንፋሽ ቅርብ ነው። «ቨርሊን፣» አለ በሹክሹክታ፣ «ክፍለ ጦሬ ተቀርጾበታል እኮ።»

«አውቃለሁ። የወለወልኩት እኔ ነኝ።»

«ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ሰው እንዲያልፍ ሲጠብቅ ኖሮ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ለራሱ የሚመጣ ነገር…»

ሳይጨርሰው ቀረ። እሷም አልጨረሰችለትም።

«ጌታዬ?» አለ ወጣቱ። «ይፈርማሉ?»

ቨርሊን በሁለት እጇ ስልኩን ጨመቀችው፤ ቁስለኛው ከአልጋው ተነሥቶ ቁጭ አለ።

«መልሰው» አለ ኤልስዎርዝ።

«አልፈለጉትም?»

«በጣም ነው የምፈልገው። መልሰው አልኩህ፣ ልጄ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር ሂድ!»

በሩ ተዘጋ። ወዲያው ስልኩም ተዘጋ፣ ደህና ሁኚ እንኳ ሳይል።

ቨርሊን የቁስለኛው አልጋ ላይ ተቀመጠች፤ ቀሚሷ ቲማቲም ሆነ። አንድ ሰው የበረዶ ሻይ በቆርቆሮ ኩባያ አመጣላት። ኦሪን ጎንበስ ብሎ፣ «ሚስ ቨርሊን፣ የይለፍ ቃሉ ለሚቀጥለው ጊዜ 'ማርታ' ነው» አላት።

ካርቶኑ በሚቀጥለው ሳምንት ሳይከፈት ተመለሰ። ደዊት ሊቆጣ አፉን ከፈተና፣ ማን «በምልክቱ ሂጂ» እንዳላት ሲያስታውስ ዘጋው። ቨርሊን ከዚያ ወዲህ ማሽኑ የሚተፋውን አድራሻ ሳትለጥፍ በፊት ጮክ ብላ ታነበዋለች፤ ደንበኛ ሱቁ ውስጥ ካለም ይስማ። ምልክቶቹን ለደዊት መቅረጫ ብቻ ትታለታለች።

ኤልስዎርዝ ግን አልደወለም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ቅጠሉ ረገፈ። ስሎንስ ጋፕ በሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ «አኩርፏል» አለ፣ ግማሹ «አፍሯል» አለ። ፀጉር ቤት ውስጥ ቨርሊን ስትገባ ወሬው ስለ አየር ጠባይ ይሆናል፤ የዚያን ዓመት ያህል ስለ አየር ጠባይ ተወርቶ አያውቅም። እሷ ካርቶኑን መደርደሪያው ላይ እንዳለ ተወችው፤ ደዊት «መያዣውን ፍቄ ልሽጠው» ሲላት፣ «ጣትህን ልፋቀው?» አለችው።

የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ቀን ሱቅ ውስጥ ሳለች ስልኩ ጮኸ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሣችው።

«እስካሁን ተናድጃለሁ» አለ ኤልስዎርዝ።

«ተናደድ።»

«ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ለፈቃዱ አመለከትኩ። አሻራዬን ሰጠሁ፤ ቀለሙ ከጣቴ አልለቅም አለ። ሲፈቀድልኝ እዚህ ፈቃድ ላለው ነጋዴ ትልኪዋለሽ፣ እሱ ዘንድ ሄጄ በሕጉ እቀበላለሁ።»

«እልካለሁ። አድራሻውን አንብቤ።»

«አንድ ነገር አለ። ጠባዬን የሚመሰክሩ ሰዎች ስም ስጥ ተባልኩ። ያንቺን ሰጠሁ። ይጠይቁሻል።»

«ምን ብለው?»

«ይሄ ሰው ሕግ ያከብራል ወይ ብለው።»

ቨርሊን መደርደሪያው ላይ ያለውን ካርቶን አየችው።

«ቨርሊን? ምን ትያቸዋለሽ?»

«እውነቱን ነዋ።»

«እሱን ነው የፈራሁት።»

«ያከብራል እላቸዋለሁ፤ ሠራዊት ፊት ቆመው ከጮሁበት።»